ኑዋር እና ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ስለ መጽሐፍ ስናወራ ደጋግመው ከሚነሱት ጥያቄዎች የተሰበሰበ ነው። ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የእኛ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» ብያለሁ።

ኑዋር ማለት ምንድን ነው?

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ጥቁር» ማለት ነው። በ1945 ፓሪስ ውስጥ የጋሊማር ማተሚያ ቤት «ሴሪ ኑዋር» በሚል ስም የወንጀል ልቦለዶችን በተከታታይ ማሳተም ጀመረ። በዓመቱ ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ፣ ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ የደረሱትን አዳዲስ የአሜሪካ ፊልሞች አይቶ «ፊልም ኑዋር» አላቸው። ስሙን ያወጡት ፈረንሳዮች ናቸው። ሥራው ግን የአሜሪካኖች ነው።

ኑዋር የሚያሳስበው ወንጀሉ መፈታቱ ብቻ አይደለም። ወንጀሉ የበቀለበት አፈር ያሳስበዋል። ፖሊሱ ጉቦ ይቀበላል። ባለሀብቱ ከወሮበላው ጋር አንድ ገበታ ይቀርባል። መርማሪው ራሱ እጁ ንጹሕ አይደለም። ገዳዩ ቢያዝ እንኳ ከተማዋ በማግስቱ እንደነበረች ናት።

ታዲያ ከለመድነው የመርማሪ ታሪክ በምን ይለያል?

አውጫጭኝን አስቡት። ድሮ በአገራችን ንብረት ሲጠፋ ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ፣ ያካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። አፈርሳታም ይባላል። የጥንቱ የእንግሊዞች የመርማሪ ታሪክ አካሄዱ እንደዚያ ነው። ተጠርጣሪዎቹ አንድ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ አንድ ብልህ ሰው ይጠይቃቸዋል፣ ጥፋተኛው ይወጣል፣ ሌላው ሰው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። እዚያ ጠያቂው ይታመናል። ሽማግሌው ሽማግሌ ነው።

ኑዋር ደግሞ «ሽማግሌውንስ ማን ይጠይቀው?» ብሎ ይነሳል። ይህ ጥያቄ ከሜዳ አልመጣም። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ ከልክላ ነበር። ጨዋ የሚባለው ሰው ሳይቀር ከሕገወጥ ነጋዴ ይገዛል፤ ሕግ አስከባሪው ደግሞ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በ1929 ኢኮኖሚው ወደቀ። ታሪኮቹ «ብላክ ማስክ» በመሳሰሉ ርካሽ መጽሔቶች ላይ ነበር የሚወጡት። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዳሺል ሃሜት በፒንከርተን የምርመራ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ሬይመንድ ቻንድለር በ1932 ከነዳጅ ኩባንያ ሥራው ከተባረረ በኋላ ነው ወደዚህ ጽሑፍ የገባው። ሁለቱም ስለሚጽፉት ዓለም በወሬ አልሰሙም፤ ኖረውበታል።

ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይስ?

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ «ማን ገደለው?» አይደለም። «የማየውን ልመን ወይስ አልመን?» ነው። አደጋው ያለው በባለታሪኩ ጭንቅላት ውስጥ፣ ወይም አጠገቡ በሚተኛው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሽጉጥ ላይኖር ይችላል። ፖሊስ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

ሁለቱ በታሪክ የት ላይ ተገናኙ?

ብዙ ሰው ይህ ዓይነት ልቦለድ የዛሬ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የተፈጠረ ይመስለዋል። አይደለም። መገናኛው ኑዋር ገና በጉልበቱ እያለ ነው። በ1934 ጄምስ ኬይን አንድ አጭር ልቦለድ አሳተመ፦ መንገደኛ አንዲት ባለትዳር ይወዳል፣ ሁለቱ ተባብረው ባሏን ይገድላሉ። የሚተርክልን መርማሪ አይደለም። ገዳዩ ራሱ ነው። ለአንባቢ ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከበሩ ውጭ ቆመን «ማነው?» እንል ነበር። ኬይን እጃችንን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባን።

ከዚያ ሁለት ሴቶች መጡ፤ እኔ እንደማምነው መንገዱን በደንብ የጠረጉት እነሱ ናቸው። ዶሮቲ ሂዩዝ በ1947 ባሳተመችው ልቦለድ ከጦርነት የተመለሰ ሰው በሎስ አንጀለስ ምሽት ሴቶችን እያደነ ሲዞር እናያለን። ሁሉንም ነገር የምናየው በእሱ ዓይን ነው። እሱን የሚነቁበት ግን ፖሊሶቹ አይደሉም፤ በዙሪያው ያሉት ሴቶች ናቸው። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ ደግሞ በ1950 ባቡር ላይ የተገናኙ ሁለት እንግዶችን አመጣች፦ አንዱ ሌላውን «ያንተን ጠላት እኔ ልግደል፣ የእኔን አንተ ግደል» ይለዋል። በ1955 ሪፕሊ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ፈጠረች። ሪፕሊ ይዋሻል፣ ይገድላል። አንባቢው ግን እንዳይያዝበት ይጨነቃል። መጽሐፉን ዘግተህ «እኔ ለምንድን ነው የምጨነቅለት?» ትላለህ። ያ ጥያቄ ነው የዛሬውን ልብ አንጠልጣይ የወለደው።

በትክክል ምን ወረሰ?

መጀመሪያ ድምፁን። የኑዋር መርማሪ በአንደኛ መደብ ነው የሚያወራው። ደክሞታል፣ ተጎድቷል፣ ግን ያወራል። ዛሬም እንዲሁ ነው፤ ሽጉጥ የያዘው ሰውዬ ሄዶ በምትኩ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ መጠጥ ያሸነፋት ሴት፣ ወይም ትናንት ያደረገውን የማያስታውስ ሰው ቁጭ ብሏል። ድምፁ ግን ያው ነው። ጆሮህ ሥር ተጠግቶ የሚናገር፣ የሚያሳዝንህ፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የማታምነው ድምፅ።

ሁለተኛ፣ ያለፈው ነገር ዕዳ መሆኑን። በኑዋር ውስጥ ማንም ከትናንት አያመልጥም። ስም ቀይሮ ከተማ የለወጠ ሰው፣ አንድ ቀን በሩ ይንኳኳል። ሦስተኛ፣ ገንዘብን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ1944ቱ የቢሊ ዋይልደር ፊልም የኢንሹራንስ ሠራተኛው ገና ከመጀመሪያው ቢሮው ገብቶ ወንጀሉን ለድምፅ መቅጃ ይናዘዛል። ያሳሳተው ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የካሳው ብርም ነበር። ዛሬ ስለ ትዳር የተጻፉ ልብ አንጠልጣዮችን ግለጡ። ከ«ትወደኛለች ወይ?» ሥር ሁሌም «ቤቱ በማን ስም ነው?» የሚል ጥያቄ አለ።

የተቀየረው ቦታው ነው። ጨለማው ከጎዳና ተነሥቶ ሳሎን ገባ፣ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ጭንቅላት ውስጥ።

መርማሪው የት ጠፋ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱ በእኛው ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ አለና። ሌባሻይን የሰሙ አሉ? «ሻይ» እዚህ ላይ ፈላጊ ማለት ነው፤ የሚጠጣው አይደለም። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጡታል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፣ ሰዎች ይከተሉታል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል።

አሁን ስለዚያ ልጅ አስቡ። ፈላጊው እሱ ነው። ግን አእምሮው በእጁ የለም። የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ግን እግሩን ያምናል። የዛሬው ልብ አንጠልጣይ ባለታሪክ እሱ ነው። መርማሪው አልጠፋም። ሰከረ፣ ታመመ፣ ትዝታው ተሰረቀ፤ ፍለጋውን ግን አላቆመም። በ2000 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን ፊልም አዲስ ትዝታ መያዝ የማይችል ሰው የሚስቱን ገዳይ ሲፈልግ ያሳያል፤ ማስታወሻውን ቆዳው ላይ ይነቀሳል። ፊልሙን ያየሁት ስለ ሌባሻይ ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ልጁ ከዓይኔ ሊጠፋ አልቻለም።

ሌባሻይን ያስቀረው ምክንያትም ለዚህ ልቦለድ ትምህርት ነው። ልጁ በስህተት ቤት ሊወድቅ ይችላል። ወይም መንገዱን የሚያሳየው ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ጥሩ ልብ አንጠልጣይ ሁሌም ያንን ሌላ ሰው እንድትፈልግ ያደርግሃል።

«የማይታመን ተራኪ» ማለት ውሸታም ማለት ነው?

አንዳንዴ። ግን ሁሌ አይደለም። ሦስት ዓይነት አድርጌ ነው የማያቸው። እያወቀ የሚዋሽ አለ። ሳያውቅ የሚሳሳት አለ፦ ሕፃን፣ በሽተኛ፣ ሰካራም። ሦስተኛው በጣም የሚከብደው ነው፤ አንባቢውን ሳይሆን ራሱን የሚዋሽ። ሁሉንም ነገር በትክክል ይነግርሃል፣ ትርጉሙ ላይ ብቻ ይሳሳታል።

ይህም አዲስ አይደለም። ኤድጋር አለን ፖ በ1843 እብድ አለመሆኑን ሊያስረዳን የሚታገል ገዳይ ጽፏል፤ በታገለ ቁጥር እብደቱ ይገለጣል። አጋታ ክሪስቲም በ1926 በዚህ ጉዳይ አንባቢዎቿን ያስቆጣ መጽሐፍ አሳትማለች። ላላነበበ ሰው ማበላሸት ስለሚሆን ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወንዶችን ወደ ጥፋት የምትመራው ቆንጆ ሴትስ ምን ሆነች?

በድሮው ኑዋር እሷን የምናያት ሁሌም በወንዱ ዓይን ነው። ገባች፣ ተቀመጠች፣ ሲጋራ ለኮሰች፣ ሰውዬው ጠፋ። ምን እንደፈለገች፣ ምን እንደፈራች፣ ያ ትዳር ለእሷ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም። ይህ የዘርፉ ትልቅ ድክመት ነበር ብዬ አምናለሁ።

የዛሬዎቹ ማይኩን ለእሷ ሰጧት። በ2012 የታተመው የጊሊያን ፍሊን ልቦለድ አንዱን ምዕራፍ ባልየው ይተርካል፣ ሌላውን የሚስቲቱ ማስታወሻ ደብተር። አንባቢው በሁለቱ መሐል እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ «አንቺ ምን ትያለሽ? አንተስ?» ይላል። ስትናገር ደግሞ የግድ ደግ ሆና አይደለም። ክፉም፣ ብልህም፣ የተበደለችም መሆን ትችላለች። ሙሉ ሰው መሆን ማለት እሱ ነው።

«ጋዝላይቲንግ» የሚለው ቃል ከዚህ ዘርፍ ነው የመጣው?

አዎ፣ ከቴአትር። ፓትሪክ ሃሚልተን በ1938 ለንደን ውስጥ ያቀረበው ተውኔት ነው፤ በ1944 ደግሞ በሆሊዉድ ፊልም ታወቀ። ባልየው ማታ ማታ በድብቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ የተደበቀ ጌጥ ይፈልጋል። እዚያ የጋዝ መብራት ሲያበራ በሚስቱ ክፍል ያለው ይደክማል። እሷ «መብራቱ ቀነሰ» ስትል «አእምሮሽ ነው» ይላታል።

እዚህ ቮልቴጅ ሲወርድ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይደክማል። ወዲያው በአጥር ብቅ ብለን «የናንተም እንዲህ ነው?» እንላለን። «አዎ» ሲሉን እንረጋጋለን። ያቺ ሴት በአጥር የምትጠይቀው ጎረቤት አልነበራትም። በፊልሙ ውስጥ የሚያድናት አንድ መርማሪ ነው፤ መብራቱ ሲደክም እሱም ያያል። የዛሬ ደራሲዎች ያንን መርማሪ ከታሪኩ አወጡት። «እኔም አይቻለሁ» የሚላት ሰው ሳይኖር ብቻዋን እንድትወጣው ተዋት። በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ይኸው ነው።

በአማርኛስ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አለን?

የስለላና የወንጀል ታሪክ አንባቢ ከድሮም አለን። ማሞ ውድነህ በተረጎሟቸውና በጻፏቸው የስለላ ታሪኮች ያደገ ትውልድ አለ። በቴሌቪዥን «ፖሊስና ኅብረተሰብ» ሲጀምር ቤተሰቡ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ለኑዋር ስሜት በጣም የሚቀርበውን ጥራ ብትሉኝ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እጠራለሁ፤ በ1975 ዓ.ም. ነው የታተመው። የመርማሪ ልቦለድ አይደለም። ግን በአንደኛ መደብ የሚተርክ፣ ለመንግሥት እየሠራ በሚያየው ነገር የሚጠራጠር ጋዜጠኛ አለ። አስመራ አለች፣ ምሽቷና ሰላዮቿ ጭምር። ማን ለማን እንደሚሠራ የማይታወቅበት ፍቅር አለ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ያንን ልቦለድ ሳነብ ይህን ከአእምሮዬ ማውጣት አልችልም።

ባሕር ዳር ፀሐይና ዘንባባ ናት። እዚህ ኑዋር ይጻፋል እንዴ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ወጣት ጸሐፊዎች ናቸው። ኑዋር ጭጋግና ዝናብ የግድ ይመስላቸዋል። ቻንድለር የጻፈባት ሎስ አንጀለስም እኮ የፀሐይና የዘንባባ ከተማ ናት! ውበቱ ነው ጨለማውን የሚያጎላው። ሁሉም ሰው ለመዝናናት በሚመጣበት ቦታ የሚያለቅስ ሰው ይበልጥ ብቸኛ ነው።

መቼቱማ ሞልቶናል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ያን ያህል ጥልቀት የሌለው ውኃ! ምስጢር የሚደበቅበት ይመስላል እንጂ ብዙ አይደብቅም። እምቦጭ ሲያለብሰው ደግሞ ውኃው ሜዳ ይመስላል፤ ሥሩ ያለውን ማን ያያል? የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል፣ ዕድሜው አጭር ነው፤ የተጓዘበት ማስረጃ አብሮት ይበሰብሳል። ማታ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ስለዚህ በጨለማ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ምክንያት አለው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም። ምስክሩ እዚያ ቢሆንና ፈላጊዋ ሴት ብትሆንስ? ጀልባው ላይ ቀርታ ትጠብቃለች፤ መልእክተኛ የላከችው ሰው ምን ሰምቶ ምን እንዳስቀረ በምን ታውቃለች?

አንድ ነገር ግን ከውጭ ገልብጠን መውሰድ የለብንም። ብቸኛውን መርማሪ። እዚህ ብቻውን የሚኖር፣ ማንም የማያውቀው ሰው የለም። ባጃጅ ስትሳፈር «የማን ልጅ ነህ?» ትባላለህ። ግቢ ውስጥ ሰርቪስ የተከራየ ሰው ስንት ሰዓት እንደገባ አከራዩዋ እማማ ከእሱ በላይ ታውቃለች። የእኛ ፍርሃት «ማንም አያውቀኝም» አይደለም፤ «ሁሉም ያውቀኛል» ነው። ሞተሩ ይሉኝታ ነው። ሚስት ባሏ እንደሚመታት ለእናቷ አትነግርም፤ ሰው ምን ይላል? ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ በማግስቱ ቡና ላይ አያነሳም። በይሉኝታ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ የማንታመን ተራኪዎች ነን። አንድ ጎበዝ ጸሐፊ ይህን ይዞ ቢነሳ ከየትም የማይገኝ ልብ አንጠልጣይ ይወጣዋል፤ በጉጉት እየጠበቅኩት ነው።

ሁሉንም ነገር ለኑዋር መስጠት አይበዛም?

ይበዛል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጡት የትዳር ልብ አንጠልጣዮች ግማሽ ደማቸው ከሌላ ቤት ነው። ትልቅ ቤት፣ የተዘጋ ክፍል፣ ስለ ቀድሞዋ ሚስት የማይወራ ነገር፣ አዲስ ገብታ የምትፈራ ሴት፤ ይህ ከኑዋር ቀድሞ የነበረው የጎቲክ ልቦለድ ነው። ዳፍኒ ዱ ሞሪየ በ1938 ያሳተመችው «ርብቃ» ኑዋር አይደለም፤ ግን የልጅ ልጆቹ በየመደርደሪያው አሉ።

እኔ እንዲህ ነው የምለየው። ሴቲቱ የምትፈራው ቤቱን ከሆነ ጎቲክ ነው። ራሷን መፍራት ስትጀምር፣ «ምናልባት እኔ ነኝ ያደረግኩት» ስትል፣ ኑዋር ገብቷል። የተወረሰው ጥፋተኝነት ነው።

መጨረሻው ሳይፈታ የሚቀር መጽሐፍ አጭበርብሮናል ማለት ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ደራሲው መጨረስ ስላልቻለ የሚተወው ነው፤ ያ ማጭበርበር ነው፣ ብርህን በልቷል። ሌላው ግን መልሱ እዚያው ያለ፣ ተራኪው ብቻ ሊያየው ያልፈለገ ነው። ኑዋር ለዚህ አልምዶናል፤ ወንጀለኛው ታወቀ ማለት ነገሩ ተስተካከለ ማለት እንዳልሆነ ቀድሞ ነግሮናል።

የምለይበት መንገድ አለኝ። መጽሐፉን ጨርሼ ወዲያው ምዕራፍ አንድን እንደገና አነባለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ሌላ ታሪክ ከሆኑብኝ፣ ተራኪው ያኔም እየነገረኝ እንደነበርና እኔ እንዳልሰማሁት ካየሁ፣ ደራሲው ሐቀኛ ነው። ያኔም ምንም ካልነበረ መጽሐፉን ለሰው አላውስም። ባለፈው አንዱን እንዲህ መልሼ ሳነብ ገጽ ሦስት ላይ ተራኪዋ የቤቱን ቁልፎች ትቆጥራለች፤ አራት ናቸው። ቀደም ብላ ሦስት ብላ ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም።